የእማማ አልሰማም ቀዳዳ ናና

ወሬውን ያመጣችው ልብስ ሰፊዋ ናት። የእሷን ቤትና የዘይት ቤቱን ግቢ የሚለያቸው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው፤ አጥሩ ደግሞ ከማርጀቱ የተነሳ እዚያ ማዶ ላስነጠሰ ሰው እዚህ ሆነው ይማርህ ቢሉት ይሰማል። እሷ እንደምትምለው ከሆነ ጆሮዋን አልደቀነችም፤ መርፌ ወድቆባት አጥሩ ሥር ተንበርክካ ስትፈልግ ነው የሰማችው። መርፌው እዚያ ድረስ በእግሩ ሄዶ ነው ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ወሬው ጥሩ ነበራ።

የሰማችው ይህን ነው። የዘይት ቤቱ አለቃ ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ የአሮጊቷ ናና ወንፊት ሆኗል፣ የፊታችን ቅዳሜ ከሥሩ ተነቅሎ መደቡ ለሌላ ሰው ይሰጣል ብሏል።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ እየተጣደፈች ሄዳ ለባለ ናናዋ ነገረቻት። ባለ ናናዋን ሰፈሩ የሚጠራት እማማ አልሰማም እያለ ነው። ያልጣማትን ነገር ስትነግራት ጆሮዋ ድፍን ይላል፤ ሁለት ቤት አልፎ የሚንሾካሾኩትን ሐሜት ግን ከነሳሉ ትደግምልሃለች። ያን ቀንም ልብስ ሰፊዋን ሦስት ጊዜ አስደገመቻት። በመጀመሪያው አልሰማሁም አለች። በሁለተኛው ሰምታ ማመን አቃታት። ሦስተኛው ደግሞ ማን ማን እንደነበረ፣ ማን እንደሳቀ፣ ማን አንገቱን እንደደፋ ለማጣራት ነው።

"ምራትሽም ነበረች" አለቻት ልብስ ሰፊዋ፣ ከረሜላዋን ለመጨረስ እንደሳሳች ልጅ ቀስ ብላ። "ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንስታ ቀዳዳውን የቆጠረችው እሷው ናት።"

እማማ አልሰማም ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ናናዋ ሄደች።

የናናው ነገር እንዲህ ነው። ዘይት ቤቱ ከቦዩ ማዶ ያለውን መሬት በመደብ በመደብ ከፋፍሎ ለሰፈሩ ሴቶች ሰጥቷል። ሴቶቹ ናና ይተክላሉ፣ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፤ ዘይት ቤቱ ቅጠሉን በትልቅ በርሜል በእንፋሎት ይቀቅልና እንፋሎቱን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በሚያልፍ ቱቦ ወደ ውኃ ይመልሰዋል። ከቱቦው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከውኃው ላይ ዘይቱ ይሰፍፋል። ያቺ ከላይ የምትሰፍፈው ስስ ነገር ናት እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው የሚለፋላት። እማማ አልሰማም መደቧን ከያዘች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ቀብራ የመጣችው ወደዚያው ነው፤ ልጇን የዳረች ማግስትም የተገኘችው እዚያው ነው። አፈሩን በእጇ ታውቀዋለች፤ ከቤቷ ይልቅ እዚያ ስትቀመጥ ነው ወገቧን የማያማት። እንግዲህ ቅዳሜ የሚነቀለው ይኸው ነው።

ማታ እራት ላይ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። እሷ፣ ምራቷና ልጇ። ልጇ በዘይት ቤቱ የበርሜሉን እሳት የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ቀን ከእሳቱ ጋር፣ ማታ ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ጋር። የትኛው እንደሚያቃጥል እሱን ጠይቁት። ምራቷ የዘይት ቤቱ ቅጠል መራጭ ናት፤ በር ላይ ጠረጴዛ ተሰጥቷት የመጣውን ቅጠል ይግባ ወይም አይግባ የምትለው እሷ ናት።

"ስንት ቀዳዳ ቆጠርሽ?" አለቻት አማቷ፣ ሳህኗን ሳትነካ።

ምራቷ ደነገጠች እንጂ አልዋሸችም። "አሥራ አንድ" አለች። "በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ፣ እማማ።"

"አሥራ ሁለት ነው። ዳር ላይ ያለችውን ዘለሻታል።"

ልጅየው በአፍንጫው ሊስቅ ሲል ሁለቱም ዞረው አዩት፤ ሳቁን ከጉርሻው ጋር ዋጠው።

ከዚያማ ጠቡ ተነሳ። ምራቷ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ፣ ደንቡ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ፣ ትሉ ወደ ሌላው መደብ እንደሚዛመት፣ መድኃኒት ርጩ ተብለው እማማ ብቻ እምቢ እንዳሉ እየዘረዘረች ነገረቻት። አማቷ ደግሞ ምላሴ ላይ የማላስቀምጠውን ነገር ቅጠሌ ላይ አላስቀምጥም አለች። የትም አልዛመተም፤ ጠዋት ጠዋት በእጄ እየለቀምኩ በቆርቆሮ ጣሳ ለዶሮ የምወስደው እኔ ነኝ፣ ከዶሮዎቹ የተጣላ ካለ ይንገረኝ አለች። ደግሞም፣ አለች፣ የተበላው ናና ካልተበላው ይበልጣል።

ይህን ስትል ልጇም ምራቷም እራታቸውን ቀጠሉ። አሮጊት ናት፣ ተናዳለች፣ ትበል ብለው ነው። እሷ ግን የምትለውን ታውቃለች።

ትሉ የመጣው ከሁለት ወር በፊት ነው። አረንጓዴ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል፣ ከቅጠሉ ጀርባ ተለጥፋ የምትበላ ሌባ። እማማ አልሰማም መጀመሪያ ልቧ ተሰበረ፤ ተቀምጣ ትሉን እየረገመች ለቀመች። በሳምንቱ ግን ከተበላው ቅጠል በላይ ያለውን እንቡጥ ቀንጠስ አድርጋ ወደ አፍንጫዋ ብታስጠጋው ዓይኗ እንባ አቀረረ። ሌላ ቀነጠሰች፤ ያው ነው። ተነስታ ወደ ጎረቤት መደብ ሄደች፤ ባለ መደቧ ስላልነበረች ሰርቃም ቢሆን አንድ ቀነጠሰች። ያኛው መድኃኒት የተረጨ፣ የሚያብለጨልጭ፣ አንዲት ቀዳዳ የሌለው ቅጠል ነው። ሽታ አለው። ግን ሰነፍ ሽታ ነው፣ ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ።

ከልብስ ሰፊዋ መርፌ ላይ ክር የምታስገባበትን ማጉያ መስታወት ተዋሰችና የቅጠሉን ጀርባ አየችው። ጤዛ የመሰሉ፣ ክብ ክብ ያሉ፣ የሚያበሩ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉበት። በጥፍሯ አንዷን ጨፍለቅ ስታደርጋት ሽታው ወጣ። ዘይቱ ያለው እዚያ ነው ማለት ነው። በእሷ አዲስ ቅጠል ላይ ከረጢቶቹ ተጨናንቀው ተኮልኩለዋል፤ በሰነፉ ቅጠል ላይ ራቅ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። እሷ ፊደል ከመቁጠር አላለፈችም፤ ይህን ግን ለማወቅ ትምህርት ቤት አያስፈልግም። ናናው ተነክሷል፣ ተናዷል፣ የተናደደውን ያህል ደግሞ ዘይቱን አወፍሯል። ሰው ሲነኩት አፉ አይከፈትም እንዴ? በእርግጥ እስከ አጥንቱ የተጋጠ ቅጠል ምንም የለውም፤ እሱን እሷም አልካደችም፣ ራሷ ለቅማ ትጥለዋለች። እዚህም እዚያም የተቀመሰው ነው ቁም ነገሩ።

ሌላም የምታውቀው ነገር አለ፤ ይህንን ያገኘችው ከጓደኛዋ ከጆንያ አጣቢዋ ነው።

ዘይት ቤቱ አንድ ጋሪ ነው ያለው። ጋሪው ከቦዩ ማዶ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲመላለስ ተብሎ የታጨደው ቅጠል በጆንያ ይሞላል፣ ሲሞላ ሠራተኞቹ ይወጡበትና በእግራቸው ይረግጡታል፣ እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይረገጣል። ንጽሕና ላይ ግን ቀልድ የለም። ከበሩ አጠገብ ገበቴና ሳሙና ተቀምጧል፤ እግሩን እስከ ጉልበቱ ሳይታጠብ ጆንያ ላይ የሚወጣ የለም። እንግዳ ሲመጣ አለቃው መጀመሪያ የሚያሳየው ይህንን ገበቴ ነው። ቅጠሉ በሚረገጥበት ቀን መንገዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ናና ናና ይላል። ፀጉር አስተካካዩ በሩን ወለል አድርጎ ይከፍታል፤ ሴቶቹ ልብሳቸውን በዚያ ቀን ያሰጣሉ፤ ከላይኛው መንገድ የሚመጣ ሰው ሲያልፍ በረጅሙ ይስባል፣ የእኛ መንገድ ሰዎች ደግሞ እንደ ራሳቸው ትንፋሽ ይኮሩበታል።

ጆንያ አጣቢዋ አንድ ቀን ልብሷን እየጨመቀች፣ "የጆንያው እጣቢ ለምንድን ነው ቅባት የሚያወጣው?" ብላ ጠየቀቻት። እንዲሁ ለወሬ ነው ያነሳችው። እማማ አልሰማም ሄዳ ጆንያ የሚታጠብበትን ገበቴ አየች። ከውኃው ላይ ያቺ ስስ፣ የምታብለጨልጭ ነገር ትሰፍፋለች። በርሜሉ ውስጥ መግባት የነበረባት ናት። ቅጠሉ ሳይቆረጥ ትል ሲነክሰው ገና ሥር አለው፣ ይታገላል፣ ይሞላል። ተቆርጦ ሲረገጥ ግን በምን ይታገላል? ከረጢቱ ፈንድቶ ግማሹ ጆንያ ይጠጣዋል፣ ግማሹ መንገድ ለመንገድ ይበናል። ይህ ሁሉ ሰው ደረቱን ነፍቶ የሚስበው የጠፋውን ዘይት ነው።

ይህን ለሰው አልተናገረችም ነበር። አሁን ግን ነገሩ መጣባት።

ዓርብ ጠዋት ቅርጫቷን ይዛ ዘይት ቤቱ በር ላይ ደረሰች። አለቃው ወጣት ነው፤ ብዕሩን ከጆሮው ላይ አያወርድም፣ ሲናደድ ብቻ ነው አውርዶ የሚነክሰው። በትሕትና ተቀበላት። እማማ፣ ደንብ ነው፣ እኔ ላዝንልዎት እችላለሁ ደንቡ ግን አያዝንም አላት፤ እጁን ዘርግቶም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት።

"ዓይኔ አያነብም፤ አንብብልኝ ልጄ" አለችው።

አነበበላት። የተበሳ፣ የተቀደደ፣ ተባይ የነካው ቅጠል አይገባም ይላል።

"የተረገጠስ? የቱ ጋ ነው ያለው?"

አለቃው ወረቀቱን አየ። "እሱማ... አልተጻፈም።"

"ለምን?"

ብዕሩን ከጆሮው አወረደ። የሚረግጡት የታጠቡ እግሮች እንደሆኑ፣ ይህ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ አሠራር እንደሆነ፣ መርገጥና ትል አንድ እንዳልሆነ አስረዳት። እሷም አዎ አንድ አይደለም አለች፣ ትሉ ይሻላል። ዙሪያውን የቆሙት ሳቁ። ምራቷ ጠረጴዛዋ ላይ አንገቷን ደፍታ ቅጠል የምትመርጥ መሰለች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

እማማ አልሰማም በሩ መሀል ቅርጫቷን አስቀምጣ አጠገቡ ተቀመጠች። ናናዬን ከመንቀላችሁ በፊት በትንሿ የመሞከሪያ በርሜል ለብቻው ቀቅሉልኝ፣ የእናንተንም ለብቻው፣ ከዚያ እንተያያለን አለች። አለቃው አይሆንም አለ። አልሰማሁም አለች። ደገመላት። አልሰማሁም። ጋሪው ቅጠል ጭኖ መጣና በር ላይ ቆመ። ባለጋሪው እማማ ትንሽ ጠጋ ይበሉ አላት፤ እሱንም አልሰማችውም። ጆንያ አጣቢዋ ጉዱን ሰምታ እጇን እያደረቀች መጣችና ምንም ሳትጠይቅ አጠገቧ ተቀመጠች፤ በሩ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ያኔ ነው፣ ጆንያ አጣቢዋ ሰፋ ያለች ሴት ናታ። ቅጠሉ ጋሪው ላይ ፀሐይ እየመታው ሲሄድ አለቃው ብዕሩን ነክሶ ነክሶ፣ በመጨረሻ እሺ አለ።

እዚህ ላይ እማማ አልሰማም አፏ አላስቻላትም። የእኔ ከእናንተ እጥፍ ካልወጣው በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ ብላ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች። ጆንያ አጣቢዋ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ቃሉ ግን ወጥቷል።

አለቃው ሊገባ ሲል ምራቷ ከጠረጴዛዋ ተነሳች። ሁለት ሳይሆን ሦስት ጊዜ ይቀቀል አለች፤ የእማማ በቅርጫት መጥቶ የእኛ ተረግጦ ከመጣ ልዩነቱ የቀዳዳው ይሁን የእግሩ በምን ይታወቃል? ቀዳዳ የሌለው ቅጠል ሳይረገጥ በቅርጫት ይምጣና እሱም ለብቻው ይቀቀል። አለቃው ሐሳቡን ወደደው። አማቷ ግን ምራቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ቀዳዳ መቁጠሯ አልበቃት ብሎ በአደባባይ መሰከረችብኝ ብላ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። ያን ዕለት እራት ላይ ሰላም አልተባባሉም።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢው ሞላ። አንዱ ሠራተኛ ከወዲሁ መቆፈሪያውን ይዞ መጥቷል፤ ከሞከርን በኋላ በቀጥታ ወደ መደቡ ነው የምንሄደው ተብሏል። እሳቱን የሚጠብቀው ልጇ ስለሆነ አለቃው ስጋት ገባው፤ ለእናቱ እንዳያደላ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ አለ። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይመርጣት ወንበሯን ይዛ ተቀመጠች፤ እንጨት ሲጨምር እየቆጠረች፣ እሱንም ስለ ሁለቱ ሴቶች ጠብ በጎን እየጠየቀችው፣ እንዲህ ደስ ያላት ቀን የለም።

ሦስቱም በአንድ ሚዛን ተመዘኑ። መጀመሪያ የተረገጠው ገባ። ቱቦው መንጠባጠብ ሲያቆም ምራቷ ዘይት የሚለካበትን ባለ መስመር ብርጭቆ አንስታ ወደ ብርሃን ያዘችው። አምስት መስመር። ቀጥሎ ቀዳዳ የሌለው፣ በቅርጫት የመጣው ገባ። ሰባት መስመር። ሠራተኞቹ ተያዩ፤ አንዳንዱ ወደ እግሩ አየ። እማማ አልሰማም ምራቷን ሰረቅ አድርጋ አየቻት። ይቺ ልጅ ይህኛውን ባታስጨምር ኖሮ የእግሩ ነገር በማን ይመሰከር እንደነበር ያኔ ገባት፤ ገባት እንጂ አላለችም።

በመጨረሻ የእሷ ገባ። ሰዉ ወደ ቱቦው ተጠጋ። እየቆየ ጠብ ይላል፣ ጠብ ይላል። ሲያልቅ ምራቷ ብርጭቆውን አነሳች፣ ዓይኗን አስጠጋች፣ አዙራ ደግማ አየች።

"ሰባት" አለች። "ከሰባት ደግሞ ፀጉር ያህል ከፍ ይላል።"

እጥፍ አይደለም። የእጥፍ ጎረቤትም አይደለም። አለቃው ፊቱ በራ፤ ብዕሩን ጆሮው ላይ መለሰ። እማማ እጥፍ ብለው አልነበረም ወይ ብሎ ጠየቃት፣ ለስለስ ብሎ፣ ሰው እንዲሰማው አድርጎ። አንድ ሁለቱ ሳቁ። ባለ መቆፈሪያው እጀታውን በሁለት እጁ ያዘ።

እማማ አልሰማም ቆመች። ያን ጊዜ አልሰማሁም ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን፣ "እጥፍ ብዬ ዋሽቻለሁ" አለች። "የዋሸሁት እኔ ነኝ። ናናው አልዋሸም። ሰባት አምስትን የሚያክል ከሆነ ንቀለው።"

አለቃው ይህን አልጠበቀም። ወዲያና ወዲህ አለ። የመርገጡን ነገር እናስብበታለን፣ ጋሪው ሁለት ጊዜም ቢመላለስ ቅርጫት ሳይሻል አይቀርም አለ፤ ይህን ሲል ወደ ምራቷ እንጂ ወደ እሷ አላየም። የቀዳዳው ግን ሌላ ነው አለ። ያቺ ፀጉር የምታህለዋ ምንም አይደለችም፣ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ይህንንም ለማሳየት የሁለተኛውንና የሦስተኛውን ዘይት አንስቶ ሁሉም እያየው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጣቸው። አያችሁ፣ ልዩነት የለውም አለ፣ ጠርሙሱን ወዝወዝ እያደረገ። ቀዳዳው ምንም አልጨመረም፤ ስለዚህ ደንባችንን የምንለውጥበት ምክንያት የለም። እኛ ስም ያለን ቤት ነን፣ ከንጹሕ ቅጠል የወጣን ዘይትና ትል ከበላው ቅጠል የወጣን ዘይት አንቀላቅልም።

ሠራተኞቹ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከልማድ ነው። ልጅየው ከእሳቱ ሊነሳ ሲል ልብስ ሰፊዋ እጁን ያዘችው። ምራቷ አፏን ከፍታ ነበር፤ ከእሷ በፊት ግን ጆንያ አጣቢዋ ከኋላ ሰዉን በትከሻዋ እየገፋች መጣች። ጠርሙሱን ከአለቃው እጅ ተቀበለች፣ ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው፣ ክዳኑን ከፍታ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ይሁና አለቃዬ" አለችው። "እንግዲያው የተበሳችውን ጠብታ ለይተው ያውጡልን፤ እሷን ይዘን ሄደን እንነቅላለን።"

አለቃው ጠርሙሱን አየ። ባለ መቆፈሪያው አለቃውን አየ፣ ጠርሙሱን አየ፣ ከዚያ መቆፈሪያውን ቀስ ብሎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው።